የአሞን ግሮፍ ሞረድ

አያቴ አብራም ላንዲስ የብር መሐለቅን ደረጃ የሚፈርደው በሰሜን መስኮት ብርሃን ብቻ ነበር፤ ሰማዩ ከደመነ ባለጉዳዩን ለነገ ይቀጥረዋል። አባቴ ቶቢያስ በመጀመሪያ የሚመለከተው በመሐለቁ ላይ የተቀረጸችውን እመቤት፣ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር ነበር፤ እርጅና ሰውን ከጉልበቱ እንደሚጀምር ብርንም ከዚያ ይጀምረዋልና። የሁለቱ ወዳጅ ዮናስ ሄርዝለር ደግሞ ታጥቦ ዋጋው የወደቀ ብር ሲያቀርቡለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ሬሳ አልገምትም» ይል ነበር። በላንካስተር ከተማ የላንዲስ ቤት ቃል እንደ መሐላ የተቆጠረው በእነዚህ ሰዎች ነው።

እኔ ከእነርሱ ተረክቤ አርጅቼበታለሁ። ላይል የተባለው የልጄ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ፣ በትልቅ ከተማ ከአንድ የጨረታ ድርጅት ሙያ ተምሬ መጣሁ ብሎ ባለፈው ዓመት አጠገቤ ወንበር ዘረጋ። የተማረውን አየሁት፤ ችኮላ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከጥርስ ሐኪም ስመለስ ገና በሩን ሳልፍ ሽታው ተቀበለኝ። የናስ መወልወያ ቅባት ሽታ በዚያ ቤት ውስጥ ሸትቶኝ አያውቅም። ላይል በአንድ እጁ ፕሬዝል የሚሉትን ቅቤ የተቀባ ጨዋማ ዳቦ ይዟል፤ በሌላው እጁ ጣት ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ የብር ዶላር ያሻል። የፕሬዝሉ ጨው ጨርቁ ላይ ተበትኗል።

«ደህና መጡ፣ አያቴ። የአሮጊቷን እመቤት ፊት ላጥብላት ነው» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የወይዘሪት ግሮፍ፣ የጡረተኛዋ አስተማሪ። የ1795 ዶላር ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ተሞርዷል። አንዱ ሌባ ብሩን ፍቆ ወስዶለታል። ጀርባውን ወልውዬ ጭረቱን አጥፍቻለሁ፤ የቀረው ፊቱ ነው።»

«እንድትነካው ፈቅዳልሃለች?»

«‹የፈለግኸውን አድርግ› ብላኝ ነው የወጣችው። ተሞርዷል ስላት መጀመሪያ ቁጭ አለች። ከዚያ ‹ለካ ኦርቪል እውነቱን ነው› አለች። ኦርቪል ማን እንደሆነ እንጃ።»

እኔ አውቃለሁ። ኦርቪል ወንድሟ ነው። አባታቸው አሞን ግሮፍ ሰዓት ሠሪ ነበር። ያ ዶላር ከሚስቱ ወገን የመጣ ውርስ ሲሆን፣ የሞረድ መስመሮች እንዳሉበት የታወቀ ዕለት፣ በቤቱ ሞረድ ያለው ሰው አሞን ብቻ ስለነበረ የሚስቱን ውርስ ፍቆ ሸጠ ተባለ። ከሁሉ በላይ ያንን ያለው የገዛ ልጁ ነው፤ አባቱ ከሞተም በኋላ በየማዕዱ ሲደጋግመው ኖሯል። አሞን «አልነካሁትም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሳይጨምር ተቀበረ። ሴት ልጁ ወደ እኛ የመጣችው የአባቷን ስም ይዛ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ቅቤ በነካው ጣቱ ፈረደባት።

መሐለቁን ነጠቅሁት። የጀርባው ንስር እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተኛበት ግራጫ ጥላ ተገፎ እንደ ድስት ክዳን ያብለጨልጫል። በሕይወቴ ብዙ የተበላሸ ብር አይቻለሁ፤ በራሴ ጠረጴዛ ላይ የተበላሸ ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ገና አልተነካም ነበር። ወደ ሰሜን መስኮት ወሰድሁት።

«ማጉያውን ያዝ። መስመሩን ከጠርዙ ጀምረህ ተከተል።»

«አያቴ፣ ሞረድ ሞረድ ነው እኮ።»

«ተከተል አልሁህ።»

አጎነበሰ። «እሺ፣ ከጠርዙ ይነሳል... ቀጥ ብሎ ይመጣል... ከእመቤቷ አጠገብ የተቀረጸው ኮከብ ጋ ደረሰ።»

«ከዚያስ?»

ማጉያውን አቀረበ። «ይጎብጣል።»

«ሞረድ ኮከብ ሲያይ እጅ ይነሳል እንዴ?»

«አይነሳም» አለ፤ ድምፁ ወርዷል። «መስመሩ ከኮከቡ በፊት ነበረ ማለት ነው።»

«ማን የሠራው ይመስልሃል?»

«የመንግሥት ገንዘብ አታሚዎቹ ናቸዋ። ገና ያልታተመው ብር ከሕጉ ክብደት ሲበልጥ ሞርደው ያስተካክሉት ነበር። ማኅተሙ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮከቡ ከብሩ ሲነሳ መስመሩን አብሮ ጎትቶታል። ይህን... ይህን ተምሬዋለሁ፣ አያቴ።»

«ተምረኸዋል። አላየኸውም።»

አሞን ግሮፍ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ ሥራ ነበር። ላይል ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ስልኩ ዞረ።

«ልደውልላት። እንደገና ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ እላታለሁ።»

«ያዋረድሃት በስልክ ነው?»

«አይደለም። እዚሁ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው።»

«እንግዲያው ኮትህን ልበስ።»

ከመውጣታችን በፊት የደረጃውን ወረቀት በእጄ ጻፍሁ። ለፊቱ የሚገባውን መልካም ደረጃ ሰጠሁት፤ ከሥሩም «ጀርባው ተወልውሎ ዋጋው ወድቋል፤ ጥፋቱ የላንዲስ ቤት ነው» ብዬ ፈረምሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአያቴ ጀምሮ በዚያ ቤት ተጽፎ አያውቅም። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ ልመለከተው አልቻልሁም።

በሩን የከፈተችልን ራሷ ወይዘሪት ግሮፍ ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል። ከኋላዋ ኦርቪል የፖም ማርማላታ በዳቦ ላይ እየቀባ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ሳይነሳ ተጣራ፦ «አቶ ላንዲስ፣ ይግቡ እንጂ። የሞራጁ ዶላር ስንት አወጣ?»

መሐለቁን ከነወረቀቱ በላይል እጅ አኖርሁና ወደ ጎን ገለል አልሁ። ላይል ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ እኔ ሲዞር ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ። በኋላ ወደ እርሷ ተመለሰ፤ ማዕድ ቤት ያለው ሰው እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወይዘሪት ግሮፍ፣ አባትዎ አልነኩትም። የነካሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»