ገንዳውን ማን አበላው?

ደክሞኛል። ይህን ቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። የምሠራው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ሥራዬን ነግሬው አፍንጫውን ሳይነካ የሚያዳምጠኝ ሰው ብርቅ ነው። ሰው ውሃውን ከለቀቀበት በኋላ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ለእኛ ግን ገና መጀመሩ ነው።

የጣቢያው ሆድ አንድ ትልቅ ገንዳ ነው። ቡናማ ውሃ ይንተከተክበታል፤ የሚያንተከትከው ደግሞ እሳት ሳይሆን ሁለት ሞተሮች ከሥሩ የሚነፉት አየር ነው። ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ጣቢያችን የሚያጣራው ከጎኑ ያለ አንድ ፋብሪካ የሚለቀውን ቆሻሻ ነው፤ ያንን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ደመወዙን የምንበላው እኛ እንሁን እንጂ ሥራው የእነሱ ነው። ምግብና አየር ካገኙ ሌላ ጥያቄ የላቸውም፤ ስብሰባ አይጠሩ፣ ፈቃድ አይሞሉ። በጣቢያው ሁላችንም «ልጆቹ» እንላቸዋለን። ተረኛ ሲቀያየር የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጆቹ እንዴት ዋሉ?» ነው። የገዛ ልጆቻችንን በዚያ ደንብ መጠየቃችንን እንጃ።

ከገንዳው የወጣው ውሃ ወንዝ ይገባል። ከጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ታላቅ ወንድሜ ዓሣ ያረባል። ከሥራው ተቀንሶ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ በዋለበት ዘመን «ጋሼ፣ ውሃው ንጹህ ነው፤ የምለካው እኔ ነኝ» ብዬ ያደፋፈርኩት እኔ ነበርኩ። ቃሌን አምኖ ኩሬ ቆፈረ፣ ከወንዙ ቦይ ጠለፈ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ተመለሰ፤ ቀልድም ጀመረ።

ታዲያ ፋብሪካው ለእድሳት ተዘጋ። ቆሻሻ መምጣቱ ቀረ። ለሌላው እሰየው ነው፤ ለእኛ ጣጣ ነው። ልጆቹ የሚበሉት ካጡ ያልቃሉ። እነሱ ካለቁ፣ ፋብሪካው ሲከፈት ቆሻሻው እንዳለ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ ደግሞ የጋሼ ኩሬ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመጋዘን ሞላሰስ፣ ያን ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ አውጥተን በጥቂት በጥቂቱ እናጠጣቸው ነበር። ዘንድሮ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። አለቃችን አንዱን ሞተር ለመብራት ቁጠባ አስጠፉና «ማንም ከራሱ ምንም እንዳይጨምር! ባለፈው ጊዜ ፓምፑ ተደፍኖ ያየነውን አይተናል» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውንም ከላይ የሚነዘንዛቸው አለ።

እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። በማግስቱ ከቤት ስኳር ይዤ ገባሁ፤ በባልዲ በጥብጬ፣ ዙሪያዬን አይቼ ቸለስኩት። በየጠዋቱ እንዲሁ አደረግኩ። ማንም አላየኝም። ባሌ «ስኳሩን ምን ነካው?» ሲል ጉንዳን ላይ አላከክሁ።

ልክ ነበርኩ። መጠኑን አስልቼ ነው የጨመርኩት፤ የአንድ ሞተር አየር የሚበቃው ምግብ ነበር። ግን ውሃው ውስጥ ያለው አየር ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ። ሞተሩ አርጅቷል ብዬ ሞተሩን ረገምኩ። ከዚያ አንድ ቀን በር ላይ ሳለሁ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ተቀበለኝ። ገንዳው ጠቁሯል። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ዋና ዋናዎቹ፣ ሲርመሰመሱ የማውቃቸው ሁሉ፣ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ እሱም ጉልበት ይፈልጋል።

የከሰዓቱን ተረኛ ስልክ ደውዬ ጠራሁት። ነገር አዙሮ ስለሚናገር «ዲፕሎማቱ» እንለዋለን። የሌሊቱ ተረኛ «ጉጉት» ገና አልወጣም ነበር። ሦስታችንም ገንዳው አፋፍ ላይ ቆምን።

«ስኳር ስጨምር ነበር» አልኳቸው።

ዲፕሎማቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ሁኔታው ሲታይ… እኔም ትንሽ ዱቄት ብጤ…»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«እፍኝ። ደህና እፍኝ።»

«በየቀኑ?»

«ታዲያ አንድ ቀን በልተው ይከርማሉ እንዴ?»

ሁለታችንም ወደ ጉጉት ዞርን። ሚስቱ ምግብ ቤት አላት። መሬት መሬት እያየ «የተረፈ ሾርባ ነበር፤ ከሚደፋ ብዬ ነው» አለ። «በምን?» አልኩት። «በጀሪካን።»

ዲፕሎማቱ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፈረ። ሦስታችንም ክልከላውን ፈርተን ተደባብቀን፣ ሦስታችንም አዝነን፣ አንድ ሆድ ሦስት ጊዜ አበላን። ምግቡ ሲበዛ ባክቴሪያው ተባዛ፤ ሲባዛ አየሩን አሟጠጠው፤ አየሩ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ታፈነ። ሐይቅም ማዳበሪያ ሲፈስበት የሚሞተው እንዲህ ነው። ለጉብኝት ለሚመጡ ተማሪዎች ይህንኑ በሥዕል የማስረዳው እኔ ነኝ።

ሄደን ለአለቃችን ሁሉንም ነገርናቸው። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛውን ሞተር አስነሱ። ፋብሪካው በማግስቱ ይከፈት ስለነበር እፊቴ ደውለው እንዲያዘገዩ ለመኑ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ትከሻቸው ወርዶ ነበር። «እምቢ ብለዋል» አሉኝ።

አውቶቡስ ተሳፍሬ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ኩሬው ዳር ጎንበስ ብሎ ዓሣዎቹን እየመገበ አገኘሁት። ሲያየኝ ደስ አለው፤ ያ ነው የገደለኝ።

«ጋሼ፣ ቦዩን ዝጋው። ገንዳችን ሞቷል። ከነገ ጀምሮ የሚመጣው ውሃ መርዝ ነው።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሳምንታት። ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«በዚህ ሙቀት? አዲስ ውሃ ካልገባላቸው አየር ያጥራቸዋል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ምግቡን የያዘው እጁ አየር ላይ ቀረ። «የምለካው እኔ ነኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።» የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ሾርባውን። ቦዩን ዘግቶ መጣና መረቡን አወረደ።

ሚስቱና ጎረቤቶቹ ደርሰውልን እስኪመሽ ሳብን። ዓሣዎቹ ገና አልደረሱም፤ መዳፍ አይሞሉም። ለሽያጭ የሚሆኑ ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን ጎረቤት በሳህን በሳህን ወሰደ። ጋሼ እያንዳንዱን ሲያቀብል «ትንንሽ ናቸው፣ ይቅርታ» ይል ነበር፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል። እኔ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ውሃውን ስንለቀው የኩሬው ጭቃ ተገለጠ። አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ጀምሮ ሳስበውና ራሴን ስጠላበት የነበረው ነገር ይኸው ነው። የሞተ ገንዳ ከባዶ አይነሳም፤ እንደ ልጆቹ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ጭቃ ካልተጨመረበት እንደገና እስኪያገግም ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ ወንዙ ያልቅለታል። እንዲህ ያለ ጭቃ የምንበደርበት ሌላ ጣቢያ በአቅራቢያችን የለም።

«ጋሼ» አልኩት። «ጭቃውን ስጠኝ።»

«ዓሣዬን ጨርሰሽ አሁን ደግሞ ጭቃዬን?»

«አዎ።»

ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። በቃ ተቀየመኝ ብዬ ጫማዬን ፍለጋ ወጣሁ። ሲመለስ አካፋና ባልዲ ይዟል። ኩሬው ውስጥ ወረደና ከሥር፣ ከጥቁሩ፣ ከወፍራሙ እየዛቀ ሞላው።

«እነዚህ በቀን ስንቴ ነው የሚበሉት?» አለ ቀና ሳይል።

«አንድ ጊዜ። አንድ ሰው ብቻ ያበላቸዋል፤ ሌላው አይነካም።»

«እንግዲያው ያ አንድ ሰው አንቺ አትሁኚ» አለኝ፣ ባልዲውን ወደ እኔ እያነሳ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ከባድ ነበር።