ጋሽ ባዶ

«አይዞሽ ልጄ፤ አባትሽ እኮ አረፉ» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት የድሮ አስተማሪዋ።

«አባዬ አላረፈም! ሞተ በሉኝ። አረፈ የሚባል ቃል እዚህ ቤት መስማት አልፈልግም።»

አስተማሪዋ የያዙት የሻይ ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። በአግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች አንገታቸውን ደፉ። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ። አናቷ ላይ የወጣው ግን ንዴት ነበር። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ይበተናል። ከዚህ ሰው ግማሹ ስምንት ዓመት ሙሉ የአባቷን ሰላምታ ያልመለሰ፣ ሞት አስገድዶት የመጣ ነው። የአባቷ ስም ሳይጸዳ ከተበተነ ሁለተኛ አንድ ላይ አይሰበሰብም። ትናንት ለአንድ ሰው መልእክት ልካ ነበርና ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

አባቷ አፈር ቀማሽ ነበር። ቀልድ አይደለም። የዘር ወቅት ሲደርስ ገበሬው ሁሉ ማሳው ላይ ይወስደዋል፤ እሱም ቁንጥር አፈር ምላሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ይሄ ገና ጉልበት አለው» ይላል፤ ወይም ደግሞ «ይሄ ደክሞታል፣ አሳርፉት።» መሬት እንደ ሰው ነው፣ ሳያርፍ ከሠራ ይሞታል ባይ ነበር። ልጅ ሳለች ተደብቃ ቀምሳ ስትተፋ ደረሰባትና በሳቅ ፈረሰ። «ቆይ እንጂ የኔ እመቤት! አፈር ሳይበላሽ ቀድመሽ በላሽው?»

አንድ ዓመት በወንዙ ዳር ያለው መሬት ሁሉ ደክሟል አለ። መንደሩ አመነው፤ መሬቱ ሳይታረስ ከረመ። የመንግሥት መሬት ቀያሾች የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ አብሯቸው ነበር። «ይሄ መሬት ምን ላይ ውሏል?» ብሎ ጠየቀ። አባቷ ሣሩን እያየ፣ ደስ እያለው፣ «አርፏል» አለ። እንደ መንደሩ ምስክር ጣቱን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሽቦ ታጠረ። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ላለ ኩባንያ ለሃምሳ ዓመት ተሰጠ። ዘይት ያለው ተክል ተተከለበት፤ ሰው የሚበላው እንዳይመስላችሁ፣ የሰው አገር መኪና የሚጠጣው ነው። ወንዙ ወደ ኩባንያው ቦይ ተጠለፈ። የአያት የቅድመ አያት መቃብር ሽቦው ውስጥ ቀረ፤ እሱም ባዶ ተብሎ። ገበሬው በገዛ ማሳው የቀን ሠራተኛ ሆነ። ወጣቱ ከተማ ገባ፤ እሷም ልብስ ሰፊ የሆነችው ያኔ ነው።

ንዴት ደግሞ ሩቅ መሄድ አይወድም። ኩባንያው ባሕር ማዶ፣ መሬቱን የሰጠው ሹም በመኪናው ጥቁር መስታወት ውስጥ፤ እጅ ላይ የተገኘው አፈር ቀማሹ ነበር። «በገዛ አፉ ባዶ ነው ብሎ ፈረመ» ተባለ። የሚፈጨው እህል የጠፋበት ባለወፍጮ አንድ ቀን በሰው ፊት «ጋሽ ባዶ!» ብሎ ጠራው። በቃ፣ ስም ወጣለት። ሕፃናት ሳይቀሩ በዚያ ስም ይጠሩት ነበር።

በሩ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ጸሐፊው ነው።

«እግዜር ያጽናሽ» አለና መቀመጫ ፈለገ።

አንቱ ልትለው የሚገባ ሰው ነበር። አላለችውም።

«ከመቀመጥህ በፊት ንገራቸው። አባዬ ምን አለህ? አንተስ ምን ጻፍክ?»

ባርኔጣውን አሽከረከረ። «ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን ነበር። የታረሰ፣ ግጦሽ፣ ባዶ። አባትሽ አርፏል አሉኝ። ያረፈ የሚል ሳጥን የለም።»

«እሺ?»

«ባዶ ላይ ምልክት አደረግሁ።»

«አርፏል ማለት ምን እንደሆነ አልገባህም ነበር?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እንዴት አይገባኝም?» ድምፁ ወረደ። «አለቃዬ ባዶው እንዲበዛ ነበር የሚፈልገው። አባትሽ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ይዤ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።»

ከለቀስተኞቹ መሐል ባለወፍጮው ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ያይ ነበር።

«አፈር ስሆን፣ ይቅር በይኝ» አለ ጸሐፊው።

ከጉያዋ የተቋጠረ መሐረብ አወጣች። አባቷ የሞተው ሽቦው ሥር ተቀምጦ ነው። በየቀኑ እየሄደ፣ እጁን አሾልኮ ቁንጥር አፈር ያወጣ ነበር። «መድኃኒት ጨረሰው ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳረፉትም» ይላት ነበር በስልክ። ገናዡ ከጭብጡ ውስጥ ያገኘውን አፈር በመሐረብ ቋጥሮ ሰጥቷታል።

«አፈር መሆን አይጠበቅብህም» አለችው። «ቅመሰው። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው በለን።»

«ኧረ ልጄ!» አሉ አስተማሪዋ ደንግጠው። «አፈር ብላ እኮ እርግማን ነው!»

«አባዬ ስምንት ዓመት በልቶታል። እርግማን ከሆነ ለሁላችንም ይዳረስ።»

ጸሐፊው ቁንጥር አፈር አነሣና ምላሱ ላይ አደረገ። ፊቱ ተኮማተረ። ለመትፋት ወደ በሩ ዞረ፤ ዓይኗን ሲያይ ዋጠው።

ባለወፍጮው ከአግዳሚው ተነሥቶ መጣና መዳፉን ዘረጋ። «ጋሽ…» አለ። የለመደውን ስም ሳይጨርስ ተወው፤ ሌላ ስም ፈለገ፣ ጠፋው። የተዘረጋውን መዳፍ ረጅም ጊዜ አየችው። አባቷ ስምንት ዓመት ጠብቋል፤ ይሄ ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ከዚያ ቁንጥር አደረገችለት። ከኋላው ሌሎችም ተነሡ።

መሐረቡ ላይ የቀረው ትንሽ ነበር። እንደ አባቷ ዓይኗን ጨፍና ምላሷ ላይ አደረገችው። መረራት። አስተማሪዋ ፈጥነው ውሃ አቀረቡላት። ብርጭቆውን በእጇ ጀርባ ገፍታ አፈሩን ዋጠች።