ከቡራኬ በኋላ

የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች ቨርኔል የኦርጋኑን የእግር መርገጫ የምትጫወትበትን ጫማ እያሰረች ሳለ ዶክተር ዊትኮም እያለከለከ ወደ ኦርጋኑ ሰገነት የሚያወጣውን ደረጃ ወጣ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን የሙዚቃ ኮሚቴም ይመራል።

"እንኳን ደስ ያለሽ! ያን የልጁን ሙዚቃ ኮሚቴው ፈቅዶልሻል።"

ልጁ ጃቫን ነው፣ የእህቷ ልጅ። ከፋሲካ በኋላ የገዛ መኪናውን በር ሲከፍት ፖሊስ ሌባ መስሎት ተኩሶ ገደለው። ቨርኔል ቅድመ አያቶቿ በባርነት ዘመን ጥጥ እየለቀሙ ይዘምሩት ከነበረው ዜማ ተነስታ የኦርጋን ሙዚቃ ደረሰችለት። ርዕሱ ስሙ ነው፤ "ጃቫን"።

"መቼ ልጫወተው?"

"ዛሬ! መጨረሻ ላይ፣ ከቡራኬ በኋላ።"

የጫማዋን ክር ለቀቀችው። የዚህች የአሜሪካ ከተማ፣ የሜከን ነጭ ምእመናን ከቡራኬ በኋላ የሚያሳስባቸው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ቀድሞ ምሳ ቤት መድረስ ብቻ ነው። መላእክት ወርደው ቢዘምሩ እንኳ የመኪና ቁልፍ እየፈለጉ ነው የሚሰሟቸው።

"ይነሳሉ እኮ ዶክተር።"

"የፈለገ ይቀመጣል። ሰው አይገደድም። ደግሞ የሚደገመውን ክፍል ዝለይው፤ ይከብዳል አሉ።"

"ማን ሰምቶት?"

"ከርዕሱ ገምተው ነው እንጂ" አለና ወረደ።

ኮሚቴው ዛሬ ይፈቅዳል ብላ ተስፋ ያደረገችው እህቷ ሮዜታ ጠዋት ደውላ ነበር። "እውነቱን ንገሪኝ እቱ፣ ቁጭ ብለው ነው የሚሰሙት? በልጄ ላይ ቆመው ሲያወሩበት ማየት አልችልም።"

"ቁጭ ብለው ነው" ብላታለች ቨርኔል። ሌላ ምን ትበላት?

አሁን ከኦርጋኑ በላይ በተሰቀለው መስታወት ሮዜታን አየቻት። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሰው የለም።

ስብከቱ አለቀ። "መባችንን እንስጥ" አሉ ፓስተሩ። አስተናጋጆቹ ሳህን ይዘው በየመተላለፊያው ቆሙ፤ ዶክተር ዊትኮምም አንዱ ነው። መባ ሲሰበሰብ የሚነሳ ሰው የለም፤ የተነሳ ላለመስጠት የሸሸ ይመስላል።

ቨርኔል ለመባ ያዘጋጀችውን የለስላሳ ዜማ ወረቀት አጠፈችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠችበት። "ጃቫን"ን ዘረጋች። እግሯን በወፍራሙ ድምፅ መርገጫ ላይ ስታሳርፍ አግዳሚዎቹ ነዘሩ።

በመስታወቱ ውስጥ ዶክተር ዊትኮም ሳህኑን ታቅፎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። የመባ ሳህን ይዞ ሊያስቆማት ደረጃ አይወጣም። ሮዜታ ቦርሳዋን ለቀቀች።

ቨርኔል "ድገም" የሚለው ምልክት ጋ ስትደርስ፣ ደገመችው።