የኦኖፍሬ ሁለት ኪሶች

«ዶሪቫል፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ ሰው አዞርክ እኮ» አለች እናቱ ጃንዲራ፣ የቡናውን ፔርሙዝ ከአንዷ ለቅሶ ደራሽ ተቀብላ ለሌላዋ እያሳለፈች።

ዶሪቫል ወጣ። ጠዋት ያስተካከላቸውን የበረንዳ ወንበሮች እንደገና አስተካከለ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ፤ ትናንትም ቀብቶት ነበር። አባቱን ኦኖፍሬን ከቀበሩ ወዲህ እግሩ አልቀመጥ ብሎታል። ሌላው ሰው ሐዘን ሲገባበት ይተኛል፣ እሱ አጥር ያጠብቃል።

ሰላም የነሳው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ጎረቤቶች ካመጡት የአይብ ዳቦ አጠገብ፣ ሁለት ሰንጢዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ያስቀመጠቻቸው እናቱ ናት።

«ታላቅ አንተ ነህ፤ ቀድመህ ምረጥ» ብላዋለች። «የቀረው የወንድምህ ነው። የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ሳይደርስ ቁረጥ። የሟች ዕቃ ቤቴ ተጎልቶ እንዲያየኝ አልፈልግም።»

እነሱ በሚኖሩባቸው በሚናስ ኮረብቶች ሰንጢ ሳይዝ ከቤት የሚወጣ ወንድ ሱሪውን እንደረሳ ይቆጠራል። ለሲጋራው የተገመደውን ትምባሆ የሚፍቀው፣ ብርቱካኑን የሚልጠው፣ አይቡን የሚቆርጠው በዚያው ነው። ሰንጢ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ ጠብ ያመጣል። ሰጪው ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል። ይህን ያልጠበቁ ወንድማማቾች የት እንደደረሱ የሚተርክ ሽማግሌ በየመንደሩ አይጠፋም።

አንደኛው ሰንጢ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት ሳስቶ የቅጠል ያህል ቀርቷል። ኦኖፍሬ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በቀኝ ኪሱ ይዞት ኖሯል። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ኪስ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠልበት የብረት መያዣ አለው፤ ስለቱ ጎን ላይ ያለችውን ጉብታ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ጠቅ ብሎ ይከፈታል። እሱን የላከው የዶሪቫል ታናሽ ወንድም ቫልደሲ ነው፣ አውቶቡስ ከሚነዳበት ከሳኦ ፓውሎ።

ያ ጥቅል በገና ሰሞን የደረሰ ቀን ዶሪቫል ከሣጥኑ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ አሳይቶ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ፣ የፖሊስ ዕቃ? ትምባሆ ሲያይ ይደነግጣል እኮ።»

ሁሉም ሳቀ። አባቱም ሳቀና ሰንጢውን ወደ ሣጥኑ መልሶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። ዶሪቫል ያን ዕለት ደስ ብሎት ነው የተኛው። ታናሹ ከተማ ገባ፣ እሱ ከላምና ከጭቃ ጋር ቀረ፤ ቤት የቀረ ልጅ ደመወዙ እንዲህ ያለች ሳቅ ናት።

ከዚያ ኦኖፍሬን ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ሞተች። የቀንዱ ሰንጢ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ እጀታውን ሲይዝ የሌላው ጥፍር ስለቱን ከጎድጓዱ ያነሳዋል። ስለዚህ በየማታው፣ ፀሐይ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ስትወርድ፣ ኦኖፍሬ ሰንጢውን በረንዳው አግዳሚ ላይ ያስቀምጥና «ክፈትልኝ» ይል ነበር። ዶሪቫል ከፍቶ እዚያው ያስቀምጥለታል። አባቱ ትምባሆውን በሞተችው ክንዱ ብብት ሥር ይዞ ቀስ እያለ ይፍቀዋል። ስለ ላሞቹ ያወራሉ፤ አንዳንዴም ምንም አያወሩም። ዶሪቫል ከበረት እየተጣደፈ የሚመጣው ለዚያች ለአንዲት ቃል ነበር።

ቫልደሲ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። እዚያ አገር ሬሳ አያድርም፤ አውቶቡስ ደግሞ ያድራል። ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ እንግዳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ለቅሶ ደራሾቹ ይህን አይተው ተንሾካሾኩ፤ «ከተማ አንጀቱን አድርቆታል» አለች አንዷ፣ እንዲሰማት አድርጋ።

ቫልደሲ ጠረጴዛው ላይ ጥቁሩን ሰንጢ አየ።

«ሣጥኑ ውስጥ ነው የኖረው አይደል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልወደደውም ማለት ነው።»

«እንጃ» አለ ዶሪቫል። አንድም ቀን አላወጣውም ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ነበር፣ የእናቱ ዓይን ያዘው።

ምርጫው ግልጽ ነበር። የቀንዱን እንደሚወስድ የተጠራጠረ ሰው የለም፣ እሱም ራሱ። ሆኖም እጁ አልቆርጥ አለ። ለነገሩ ልሞክራቸው ብሎ ጠዋት የቀንዱን ይዞ ዋለ፤ ኪሱ ሥር ሰጥሞ በእርምጃው ሁሉ ጭኑን እየነካ አባቱን ያስታውሰዋል። ከሰዓት ጥቁሩን አነሳ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች እናቱ ከወጥ ቤት። «ዛሬም አልመረጥክም?»

በረት ውስጥ የጥጃ ገመድ ሊቆርጥ ጥቁሩን ጠቅ አደረገው፤ ከዚያ ገመዱን ረሳው። መታጠፊያው ውስጥ ቡናማ ነገር ተጠቅጥቋል። አሸተተው። ትምባሆ ነው። ስለቱም ተስሏል፤ ድንጋዩን ጉልበቱ ሥር አጣብቆ በአንድ እጁ የሚስል ሰው እንደሚያደርገው፣ ጫፉ ላይ አብዝቶ፣ ሥሩ ላይ አሳንሶ።

ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደ። ላዛሮ፣ የአባቱ አበልጅና የቫልደሲ ክርስትና አባት፣ እዚያ ብቻውን ተቀምጦ ባርኔጣውን ያራግባል።

«ጋሽ ላዛሮ፣ አባዬ በዚህ ይጠቀም ነበር?»

ሽማግሌው ሰንጢውን አየና ፈገግ አለ። «ደረስክበት? ወደ ወፍጮው ስንወርድ ከግራ ኪሱ ነበር የሚያወጣው። በአንድ አውራ ጣት ጠቅ ያደርግና ብርቱካኑን ጉልበቱና ጉልበቱ መሀል አጣብቆ ይልጥልኛል። ግማሹ ልጣጭ ግማሹ ሱሪው፤ ግን ይልጣል። ‹ቫልደሲ እጄ ሳትሞት ምትኳን ላከልኝ› ይል ነበር።»

«ታዲያ እኔን ክፈትልኝ የሚለኝ ለምንድን ነው?» የዶሪቫል ድምፅ ጎረነነ። «ሳላስፈልገው ነው እንዴ ስሮጥ የኖርኩት? ያሾፍብኝ ነበር?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ‹ልጁን በከንቱ ታስሮጠዋለህ› ብዬ።» ላዛሮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «‹ዶሪቫል ሲከፍትልኝ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እኔ ከከፈትኩ ግን ወደ ላሞቹ ይሄዳል› አለኝ። እንግዲህ የአባትህ ተንኮል ይሄ ነው።»

ዶሪቫል ከበረቱ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ፤ በእነዚያ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጡ ነበር። ከክብሪት ቀፎው አንድ እንጨት አውጥቶ መታጠፊያውን መቆፈር ጀመረ። ለምን እንደሚቆፍር ያውቃል። ሰንጢው ከጸዳ ቫልደሲ ስጦታው ሣጥን ውስጥ እንደተረሳ አምኖ ይመለሳል፣ አባታቸው ሙሉ በሙሉ የዶሪቫል ሆኖ ይቀራል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በሞተ ሰው ኪስ ይቀናል።

ትምባሆው እየተፈረፈረ መዳፉ ላይ ወደቀ። እፍ ሊለው ከንፈሩን አሾለ፣ አልቻለም። የበረንዳው ሽታ ነው። ሰውየው ሁለቱን ልጆቹን በሁለት ኪሱ ይዞ፣ አንዱ አንዱን እንዳያይ እየደበቀ ኖሮ ሞተ፤ ያን የመሰለ ድካም ላይ እፍ አይባልም። ዶሪቫል ፍርፋሪውን በክብሪት ቀፎው ውስጥ ከተተና፣ ማንም እንደማያየው አረጋግጦ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከሰባተኛው ቀን ቅዳሴ በኋላ ለቅሶ ደራሾቹ ተበተኑ። ቫልደሲ በማታው አውቶቡስ ሊመለስ ነው። ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በረንዳው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጃንዲራ ከጓሮ የለቀመችውን ብርቱካን በሳህን አምጥታ መሀላቸው አኖረችና ገባች።

ዶሪቫል ጥቁሩን ሰንጢ ወንድሙ ፊት አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«ይኸው፣ አዲስ እንደሆነ ተመለሰልኝ» አለ ቫልደሲ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

«ክፈተው እስቲ።»

ጠቅ አለ። ቫልደሲ አየ። አፍንጫው ድረስ አቀረበውና እዚያው ያዘው።

«በግራ ኪሱ ነበር የሚይዘው» አለ ዶሪቫል። «እጄ ሳትሞት ምትኳን ላከልኝ ይል ነበር አሉ፤ ጋሽ ላዛሮን ጠይቀው። እኔም ያወቅኩት አሁን ነው። ግማሹን ትምባሆ በክብሪት እንጨት አውጥቼብሃለሁ። የቀረውን እንዳትነካው።» የክብሪት ቀፎውንም ከሰንጢው ቦታ አጠገብ አስቀመጠ።

«ለምን አወጣኸው?»

«ቀንቼ።»

ቫልደሲ ፊቱን ወደ አትክልቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዶሪቫል ብርቱካኖቹን መቁጠር የጀመረ መሰለ። ከታች፣ ከመንገዱ መታጠፊያ፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ቫልደሲ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ሻንጣውን ጨበጠ።

«እንግዲህ ልነሳ።»

ዶሪቫል እጁን ቀኝ ኪሱ ከተተ። የቀንዱን ሰንጢ እንደታጠፈ አወጣና አግዳሚው ላይ፣ ወንድሙ ፊት አስቀመጠው። ከዚያ አንድ ብርቱካን አነሳና በሁለት ጤነኛ እጆቹ ይዞ ጠበቀ።

«ክፈትልኝ» አለው።

ቫልደሲ ሰንጢውን አየ፣ የወንድሙን እጆች አየ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ደግሞ ነፋ። ሻንጣውን ከጉልበቱ አውርዶ መሬት ላይ አኖረና፣ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ፤ በጥፍሩም ስለቱን ቀስ አድርጎ አነሳው።