ጓንት ያጠለቀ አውራ ጣት

ነርሷ ለእናቷ አንድ ካርቶን ጓንት ይዛ የሄደችው መዥገር ሰው ገደለ የተባለ ሰሞን ነው። እናትየው ላም እያለበች ወተት የምትሸጥ ናት፤ ሰፈርተኛው «እማማ ወተት» ይላታል። ካርቶኑን ተቀብላ፣ መርቃና ስማ ልጇን ሸኘች። ነርሷ በሳምንቱ ስትመለስ ጓንቶቹ በወተት ጣሳዎቹ አፍ ላይ ተወጥረው፣ አምስት አምስት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ጠበቋት።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝንብ አያስገባም። እንዲህ ያለ ክዳን አግኝቼ አላውቅም።»

«ለእጅሽ እኮ ነው ያመጣሁልሽ።»

«ላሚቱ በጓንት አታውቀኝማ። አንዴ ሞከርኩት፤ ባልዲውን ረግጣ ደፋችው።»

ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። በዚያ ዓመት ከብቱን ሁሉ መዥገር ወሮት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ቤት ለቤት እየዞረ መድኃኒት ይረጫል፤ በሽታው ከብቱን ምንም ሳያሳምመው ሰው ላይ ሲደርስ ደም እንደሚያስተፋ እየተናገረ፣ መዥገር በባዶ እጅ እንዳትነኩ ይላል። እማማ ወተት ግን ላሟን ታያለች። ላሟ ትበላለች፣ ትታለባለች፣ ፀጉሯ ያበራል። ታዲያ የምን በሽታ? ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ከማለቧ በፊት፣ እንደ ልማዷ፣ የላሚቱን ጆሮ ጀርባ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ትዳብሳለች፤ መዥገር ካገኘች ነቅላ በሁለት ጥፍሮቿ መሐል ትደፈጥጠዋለች። ብትጥለው ተመልሶ ይወጣል ባይ ናት። አውራ ጣቷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደተሰነጠቀ ነው።

ይህቺ የጆሮ ጀርባ ነገር ለላሚቱ ብቻ አልነበረችም። ነርሷም ልጅ ሳለች እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ እናቷ ጭኗ ላይ አስተኝታ በዚያው ሻካራ ጣት ከጆሮዋ ኋላ ትዳብሳት ነበር። «እኔና ላሞቹ አንድ ላይ ነው ያደግነው» እያለች የሥራ ባልደረቦቿን ታስቃለች።

እናትየውን ሰኞ ትኩሳት ጀመራት። ረቡዕ ድዷ ደማ። ሐሙስ እናትየው ልጇ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ለብቻዋ ተኛች። ዋናው ሐኪም ነርሷን ኮሪደር ላይ አቆማት።

«ሌላ ሰው ቢያስታምምልሽ ይሻላል። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ መርፌው አንቺኑ ነው የሚወጋሽ።»

«አይንቀጠቀጥም ዶክተር» አለች። ጓንቷን ለማጥለቅም ሄደች።

ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሁሉ ድርብ ጓንት፣ ጭምብል፣ ትልቅ መነጽርና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ያደርጋል። ማን ከማን ይለያል? ድምፁም ከጭምብሉ ኋላ ይታፈናል። እናትየው በትኩሳት ውስጥ ሆና ሁሉም ላይ እኩል ታፈጣለች።

«ልጄን ጥሩልኝ» አለች በሦስተኛው ቀን። «ጥላኝ ሄደች?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ አለሁ።»

«አትዋሺኝ። የእኔ ልጅ ፊት አላት።»

ነርሷ በሥራዋ ብዙ ሰምታለች፤ እንደዚህ አንጀቷን የቆረጠው ግን የለም። እናቷ ልጄ ትታኛለች እንዳለች ብትሞትስ? ራሷን ወቀሰች። ካርቶኑን ሰጥታ ከመሄድ፣ ቁጭ ብላ ላሚቱን ከጓንት ማለማመድ ነበረባት። ይህን ያህል ጊዜ አጥታ ነው?

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ እናትየውን መርምሮ «ደሙ ቆሟል፣ ትኩሳቱም ወርዷል። አሁን ነቅታ ሰው ከለየች ትድናለች» አለ።

ነርሷ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ነኝ ብላ መለመኑ እንዳልሠራ አይታለች። ስለዚህ ዝም ብላ ድርብ ጓንት ያጠለቀ አውራ ጣቷን ከእናቷ ጆሮ ኋላ አሳረፈች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለች፣ ልክ ራሷ እንደተዳበሰችው ዳበሰቻት። ብዙ ቆየች። እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«መጣሽ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«መጥቻለሁ እማዬ።»

«እንዲህ አድርጎ የሚዳብስ ሌላ ሰው አላሳደግሁም።» ቀጥላ የልጇን እጅ በዳበሳ ፈልጋ የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካቻቸው። «በዚህም ይታወቃል ለካ። ላሚቱን ማን እያለባት ነው?»

«የእንስሳት ሐኪሙ። ሁለት ጊዜ ረግጣዋለች።»

«ከጆሮዋ ኋላ ይጀምር በይው። ጓንቱን ደግሞ እንዳያወልቅ።»

ነርሷ ስድስት ቀን ሙሉ ያመቀችው ልቅሶ መጣ። መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፈነ፤ እጇም ሳታስበው ወደ ዓይኗ ተነሣ። እናቷ በዚያ በደከመ ክንዷ ያዘቻት።

«ተዪ» አለቻት። «በዚህ ጓንት ዓይንሽን እንዳትነኪ።»

ነርሷ እጇን አወረደች፤ እንባዋንም እንደፈለገው ይውረድ ብላ ተወችው።