በሩ ሳይከፈት

ሰው ዝነኛ ሲያይ አንገቱ የራሱ አይደለም። ቲያትር አያለሁ ብሎ ከፍሎ ይገባል፤ ከዚያ መድረኩን ትቶ እንደ ራሱ ከፍሎ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ያመሻል። ያ ሰውዬ ምን ሲያደርግ ነው የሚታየው? ሲቀመጥ! እትዬ ብረት ይህን ጉድ በር ላይ ቆማ ስታየው ኖራለች።

እትዬ ብረት የቲያትር ቤቱ በረኛ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ተዋንያኑ ናቸው፤ ትኬት ሳይዝ የሚመጣን ጎረምሳ በዓይኗ ብቻ ስለምትመልስ። ያን ምሽት ግን ብረቷ ቀልጣ ውሃ ሆና ነበር። መድረኩ ላይ ያለችው ልጇ ናት።

ልጅቷ ከዚያ በፊት የሚሰጣት የአስተናጋጅ፣ የጎረቤት፣ ገባ ብለው ወጣ የሚሉበት ቦታ ነበር። ትልቁ ቦታ የደረሳት ዋናዋ ተዋናይት ጥላ ስትሄድ ነው፤ እሱም ለሙከራ። በዚያ ላይ ስሟ ቆሽሿል። አንድ ጊዜ ትሪ ይዛ ገብታ፣ የምትለው ቃል ጠፍቷት፣ ቆማ ቆማ ትሪውን ወርውራ ሮጣ ወጥታለች። ሥራ አስኪያጁ ያንን አልረሳላትም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ፊት እንዲህ አላት፦

«ዛሬ ኮከቡ ይመጣል። እሱ ፊት ካበላሸሽ ነገ ሌላ ሰው አስገባለሁ። አለቀ።»

ኮከቡ የሚሉት የፊልም ተዋናይ ነው። ፊቱ ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ጥርስ ሳሙና ላይ ይስቃል፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ይስቃል፣ አውቶቡስ ጀርባ ላይ ሆኖ ጭስ እየጠጣ ይስቃል።

«ይሄ ሰውዬ ጥርሱን የሚያሳርፍበት ቀን የለውም እንዴ?» አለች እትዬ ብረት፣ ልጇን ላስቅ ብላ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ምሽት ላይ ጠበቁት፤ የለም። ተመልካቹ ወለሉን በእግሩ መደብደብ ሲጀምር የግዳቸውን መጋረጃውን ከፈቱ። ከፊት የተያዘለት ወንበር ባዶውን ቀረ።

እትዬ ብረት ልጇ ስትጫወት ማየት አትችልም። በሩን ከውጭ ዘግታ፣ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በጆሮዋ ትከታተላለች። ፊደል ባትቆጥርም ቲያትሩን በቃሏ ይዛዋለች። ሚስቱን ጥሎ የጠፋ ባል ከብዙ ዘመን በኋላ ይመለሳል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ይለፈልፋል፣ ይምላል፣ ይለምናል። ሲጨርስ ሚስትየዋ ዝም ብላ ታየዋለች። ዝም። ሰዉ ትንፋሹን እስኪውጥ ድረስ ዝም። ከዚያ እንደማታውቀው ሰው «ማን ልበል?» ትለዋለች። ቲያትሩ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው።

ስለዚህ ሕግ አለ፤ ያወጣውም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ዝምታው ከገባ በር አይከፈትም። ማጠፊያው ዘይት ቢያጠጡትም ይጮሃል፣ የኮሪደሩ መብራትም ሄዶ ሄዶ የተዋናይዋ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ባልየው ልመናውን ጨርሶ ጸጥ ሲል፣ ኮከቡ በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለ። ከፊቱ ጠባቂው፣ ትከሻው ቁም ሳጥን የሚያክል። ከኋላው ሥራ አስኪያጁ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ይክፈቱ እትዬ፣ ይክፈቱ!» አለ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ።

«ዝምታው ገብቷል።»

«ማን እንደመጣ አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። ሳሙናው ላይ ረዘም ይላል።»

ጠባቂው ወደ እሷ ቀረበ። «እናት፣ ዞር በይ።»

«ና ግፋኝ። እኔ ስወድቅ ድምፄ እስከ ጣራው ነው። ከዚያ አለቃህ ቲያትር ሳይሆን የኔን ጩኸት አይቶ ይሄዳል።»

ጠባቂው ወደ ጌታው ዞሮ አየ። ሥራ አስኪያጁ መሃል ገባ። «ሕጉ የወጣው ለተመልካች ነው እኮ፤ ለእሳቸው አይደለም።»

«እሱስ ሊያይ አይደለም እንዴ የመጣው? የሚያይ ሰው ተመልካች ነው። ሌላ ስም ካለው ንገረኝ።»

ኮከቡ እንደ ልማዱ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። «ችግር የለም፣ እንጠብቃለን» አለ። «ይቆያል?»

«እስክትናገር ነው።»

አራቱም ጆሯቸውን ወደ በሩ ሰጡ። ከውስጥ ምንም የለም።

አሁንም ምንም።

ሌላ ቀን ቢሆን «ማን ልበል?» መጥቶ፣ ሰዉም እፎይ ብሎ ነበር። እትዬ ብረት የሥራ አስኪያጁ ፊት ሲለዋወጥ አየች።

«ረሳችው» አለ።

«አልረሳችም።»

«ረስታዋለች! ያንኑ የትሪውን ደገመችው።» አንቱታው ከአፉ ወደቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ክፈቺ። እሳቸው ሲገቡ ሰዉ ይዞራል፣ ያጨበጭባል፣ በግርግሩ ቃሏን ታገኛለች። አሁን ያለችውን ብቸኛ መውጫ ነው የዘጋሽባት። ልጅሽን በገዛ እጅሽ!»

ይህቺ ነገር አንጀቷ ገባች። ሰውዬው ምናምንቴ ቢሆንም ያለው እውነት ነው። ልጅቷ ካልረሳች፣ በሩ ሲከፈት ምሽቷ ገደል ይገባል። ከረሳች ደግሞ በሩ ካልተከፈተ ያው ገደል ነው። ማዶውም ገደል፣ ወዲህም ገደል፤ መሃል ላይ አንዲት እጀታ።

ትሪው ሲወድቅ የሰማችው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ያን ለት ልጇ ቤት ገብታ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ «እማዬ፣ ሁሉም ሲያዩኝ ነበር» እያለች አምሽታለች።

እትዬ ብረት ዞረች። እጀታውን ያዘች። ጠመዘዘችው። የቁልፉ ምላስ ከጎሬው ወጣ፤ መሳቡ ብቻ ቀራት።

በዚያች ቅጽበት አንድ መዳፍ ከራሷ በላይ በሩን ተጭኖ ያዘው።

«ቆይ እማማ።»

ኮከቡ ነው። ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጥፏል። ፈገግታው ጠፍቷል፤ ያለ ፈገግታው ደግሞ ተራ፣ የደከመው፣ ዓይኑ ሥር ያበጠ ሰው ነው።

«ልጄ ናት» አለችው። «ከረሳችው አለቀላት።»

«ትርሳው። ሰዉን ስሚ።»

«ምንም አይሰማም እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ተዋናይ ቃሉ የጠፋበት ለት ሰው ያስላል፣ ወንበር ያንቋቋል፣ አንዱ ይስቃል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ለዚያ ነው ሸሽቼ ካሜራ ፊት የገባሁት። አሁን አንድም ሰው አላሳለም። ይዛቸዋለች።»

«እኔ ነኝ ኃላፊው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዝም በል!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ቆሙ። የእሷ እጅ እጀታው ላይ፣ የእሱ መዳፍ ጣውላው ላይ። ጠባቂው እንኳ እግሩን ሲያቀያይር ጫማው እንዳይንቋቋ ተጠነቀቀ።

ከዚያ መጣ።

«ማን ልበል?»

እንደ ሌላው ቀን የጠራ አልነበረም። የሻከረ፣ የቀጠነ፣ ከጉድጓድ የወጣ ድምፅ ነበር። አዳራሹ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች።

እትዬ ብረት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማጠፊያው ጮኸ፣ መብራቱ ገባ። አንድም ሰው አልዞረም! ኮከቡ በጉልበቶች መሃል እየተሹለከለከ ወደ ወንበሩ ሲሄድ ከኋላ አንዱ፣ «ጎንበስ በል ወዲያ! ቁመትህን ቤትህ አትተወውም ነበር?» አለው። ጎንበስ አለ።

መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው እስከ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተከትሎ መጣ። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ቀለሟን መጥረግ ጀምራ፣ ግማሽ ፊቷ ላይ ትታዋለች። ሥራ አስኪያጁ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ጎበዝ!» አለ። «ልበ ሙሉ ነሽ። ቦታው ያንቺ ነው። ነገም ዝምታውን እንዲሁ አርዝሚው፤ እንዳትቀንሺብኝ።» እትዬ ብረትን ሳያያት ወጣ።

ልጅቷ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች። «እማዬ፣ ረስቼው ነበር» አለች። «ጭራሽ ጠፋኝ። የራሴን ስም ብትጠይቂኝ አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን አልሮጥሽም?»

«በየት ልሩጥ? በሩን እያየሁ ነበር። ትንሽ ከፈት ቢል በዚያው እወጣ ነበር። ግን አንቺ እንደማትከፍቺ አውቃለሁ። የማይከፈት ከሆነ ምን አደርጋለሁ? ቆምኩ። ስቆም ስቆም መጣልኝ።»

እትዬ ብረት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ እጀታውን የጠመዘዘውን እጅ። በሩን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ቀና ብላ በዚያ በግማሽ ፊቷ አየቻት።

«ተነሺ» አለቻት። «ሌላውን ጎንሽን ጥረጊና ወደ ቤት እንሂድ። ሁለት መልክ ይዘሽ መንገድ አትወጪም።»