የኢንተርኔቱ ቦይ

መንግሥት ለገጠር ኢንተርኔት ማስፋፊያ በጀት መደበ ተብሎ ጉና ተራራ ሥር እስካለው ትምህርት ቤት ድረስ ቦይ ሲቆፈር፣ ገበሬው ይሻው በድንች ማሳው መሃል እንዲያልፍ እሺ አለ። ልጁ ዓይናለም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እዚያው በኮምፒውተር እንድትፈተን ጓጉቶ ነበር። ቦዩ ተቆፈረ፤ ገመዱ ግን አልመጣም። ቆፋሪዎቹ "በጀቱ ቆሟል" ብለው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ክረምት ገባ። ከጉና የወረደው ጎርፍ ቦዩን ይዞ መጥቶ ድንቹን ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ አንዱ በሬው ቦዩ ውስጥ ገባና እግሩ ተሰበረ፤ ይሻው ሳይወድ በግድ አረደው።

በማግስቱ አካፋውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ። ዓይናለም እየሮጠች ደረሰችበት።

"አባዬ፣ እባክዎ አይድፈኑት! ገመዱ ሲመጣ በየት ይለፍ?"

"የቀረችው መሬት ከሄደች ምን በልተሽ ትማሪያለሽ?"

 ይሻው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ አፈሩን መለሰበት።

መስከረም ሲጠባ አቅም ያላቸው ልጆቻቸውን ፈተናው በኮምፒውተር ወደሚሰጥበት ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተው ላኩ። ዓይናለም ግን ከአባቷ ጎን አጎንብሳ ገብስ ታርም ጀመር።